ዶክተር ሙሐሲንና የጾሙ ጎመን

ዶክተር ሙሐሲን ፈሪ ሰው ነው። ይህን የምለው ልወቅሰው ብዬ አይደለም፤ እሱም ቢሰማ አይቆጣም። ባለቤቴ ጀማነሽ ዐሥር ዓመት ያህል በእሱ እጅ ስትታከም ከፍርሃቱ የተሻለ ምርኩዝ አልነበረንም።

ተወልዶ ያደገው ካዛንቺስ ነው። አባቱ ሐጂ ሸምሰዲን ከስልጤ መጥተው ብርጭቆና ሳህን የሚሸጡበት ሱቅ ከእኛ የቀበሌ ቤት ፊት ለፊት ነበር። ልጁ ከትምህርት ቤት ሲመለስ ሱቁ በር ላይ ቁጭ ብሎ የተሸጠውን ብርጭቆ በጋዜጣ ይጠቀልላል። አባቱ፣ "ይሄ ልጅ ለአንድ ብርጭቆ አንድ ሙሉ ጋዜጣ ይጨርስብኛል፤ ሊያከስረኝ ነው" እያሉ ለገዢው ያሙታል። ልጁ ግን አንድ ዙር ጨምሮ ይጠቀልላል።

ሕክምና ተማረ፤ ክፍለ ሀገር ወጥቶ ሠራ፤ በኋላም የልብ ሐኪም ሆኖ ተመልሶ በአንድ የመንግሥት ሆስፒታል ተመደበ። ከባለቤቱ ከፈትያ ጋር ባምቢስ አካባቢ ቤት ተከራየ። ጀማነሽ ከቀዶ ሕክምናዋ ወጥታ ክትትል ስትጀምር ወረፋው ያደረሳት እሱ ዘንድ ነው። ስሙን በሩ ላይ አንብባ፣ "ይሄ የሐጂ ልጅ አይደለም እንዴ? ብርጭቆው?" አለችኝ። እሱው ነበር።

የጀማነሽ በሽታ የልጅነት ነው። ልጅ ሳለች ጉሮሮዋን አመማት፤ ቀጥሎ ጉልበቷና ክርኗ አበጠ፤ ከዚያ ተሻላት ተባለ። ሕመሙ ግን ልቧ ውስጥ ገብቶ ነበር። ልብ ውስጥ ደም ወደ ኋላ እንዳይመለስ የሚከፈቱና የሚዘጉ በሮች አሉ፤ ሐኪሞቹ ቫልቭ ይሏቸዋል። የእሷ አንዱ በር ዓመታት ቆይቶ ተበላሸና በብረት ተተካ። ብረቱ ይሰማል። ከምሳ በኋላ ጋደም ስትልና ቤቱ ጸጥ ሲል፣ ደረቷ ውስጥ እንደ እጅ ሰዓት ቀጭ ቀጭ ይላል። ጋዜጣ የያዝኩ መስዬ አዳምጠዋለሁ። አንዳንዴ ከውጭ መኪና ሲያልፍ ይጠፋብኛል፤ መኪናው አልፎ ድምፁ እስኪመለስ እኔም አልተነፍስም።

ብረት ያለበት ልብ ደም እንዳይረጋበት ዋርፋሪን የሚባል ክኒን ዕድሜ ልክ ይዋጣል። ክኒኑ ልክ መሆኑ የሚታወቀው በደም ምርመራ በሚወጣ ቁጥር ነው። ቁጥሩ ከወረደ ደሙ ይረጋል፤ የረጋው ወደ አንጎል ሊሄድ ይችላል። ከወጣ ደሙ ይቀጥናል፤ መድማት ከጀመረም አይቆምም። ጀማነሽ በሁለት ገደል መሐል ባለች ቀጭን መንገድ ነበር የምትሄደው። እኔ ከኋላዋ ነኝ። ዶክተር ሙሐሲን ደግሞ ከሁለታችንም በላይ እየፈራ ከፊት ነበር።

ደረት ሲያዳምጥ ዓይኑን ይጨፍናል፤ ጨርሶ ሲነሳ ተመልሶ እንደገና ያዳምጣል። "አይዞሽ" የሚል ቃል ከአፉ አይወጣም። ክፍለ ሀገር ሳለ አንዲት ወላድ "እሞት ይሆን?" ብላ ጠይቃው "አይዞሽ፣ ምንም አትሆኚም" ብሏት ሞታበታለች፤ ከዚያ ወዲህ ቃሉን ተወው። አዲስ በሽተኛ በዚህ ይቀየመዋል። የቆዩት ግን ለምደውታል። ኢብሮ የሚባል የለገሃር ሚኒባስ ሾፌር ነበር፤ እንደ ጀማነሽ ባለ ብረት ነው። ጠዋት ኮሪደሩ ላይ ገና ሳይቀመጥ፣

"ፈሪው ገብቷል?" ይላል።

"ገብቷል።"

"ተመስገን! ፈሪ ለእናቱ ነው ሲሉ እሰማ ነበር፤ ይሄ እኮ ለእኛም ተረፈ!"

ጀማነሽም፣ "አንተ ባለጌ፣ ቀስ በል፤ ይሰማሃል" ትለዋለች፣ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ እየሳቀች።

ከቀዶ ሕክምናው በኋላ በመጣው የመጀመሪያ ዐቢይ ጾም ቁጥሯ መውረድ ጀመረ። ዶክተሩ ክኒኑን ጨመረላት። በሚቀጥለው ቀጠሮም አልወጣም፤ ደግሞ ጨመረላት። ቁጥሩ ተስተካከለ፤ ሁላችንም ተነፈስን። ፋሲካ ሆነ፤ በላን፤ ጠጣን። ከዳግማ ትንሣኤ በኋላ አንድ ረፋድ ጀማነሽ ጎንበስ ብላ ቤት ስትጠርግ አፍንጫዋ ደማ። ቀና አለች፤ አልቆመም። ፎጣ ያዝኩላት፤ ፎጣው ራሰ። ሳፋ አቀረብኩላት። ሳፋው ውስጥ የሚወርደው ደም እንደ ውሃ ቀጭን ነበር፤ እስካሁን ቀይ ሳፋ ቤቴ አላስገባም።

ሆስፒታል ስንደርስ ቁጥሩ ሊሆን ከሚገባው ከእጥፍ በላይ ወጥቷል። ዶክተሩ ወረቀቱን ሲያይ ከንፈሩ ነጣ። የክኒኑን ማርከሻ በብዙ ቢሰጣት ብረቱ ላይ ደም ይረጋል፤ በትንሹ ቢሰጣት ደሟ ያልቃል። ትንሽ ሰጥቶ አልጋዋ አጠገብ በርጩማ ላይ ተቀመጠ። ይጠብቃል፤ ደም ያስመረምራል፤ እንደገና ትንሽ ይሰጣል። ሲመሽ መድማቱ ቆመ። እሱ ግን አልተነሳም።

"እትዬ ጀማነሽ፣ ምን ወስደው ነበር? ዳማከሴ? አስፕሪን ሰው ሰጠዎት?"

"ምንም።"

"እስቲ ያስቡ።"

"ምን ላስብ ልጄ? ሁለት ወር ሙሉ ጎመን በጤና ስል ከርሜ፣ ዶሮና በግ ብቀምስ ይኸው ደሜ ሸሸኝ።"

ነርሷ ሳቀች። እኔም ሳላስበው ሳቅሁ። እሱ አልሳቀም።

"ጎመን ብቻ?"

"ሽሮ ጨጓራዬን ያቃጥለኛል። ጎመን ነው፣ ቆስጣ ነው፤ ሌላ ምን አለኝ?"

"በየቀኑ?"

"በየቀኑ።"

"ከፋሲካ ወዲህስ?"

"ዶክተርዬ፣ በፋሲካ ደግሞ ማን ጎመን ያያል!"

ሁለት እጁን ጭኑ ላይ አደረገ። ኋላ ነው የገባኝ። ጎመን ክኒኑን የሚያደክም ነገር አለው፤ ይህ እሱ በተማረበት መጽሐፍም ተጽፏል። ግን መጽሐፉን የጻፉት ሰዎች ጾም አያውቁም። ሁለት ወር በየቀኑ ጎመን በልቶ በአንድ ሌሊት ጎመን የሚተው ሕዝብ አላሰቡም። ጀማነሽ በጎመኑ ምክንያት ቁጥሯ ሲወርድ እሱ ክኒን ጨመረ፤ ፋሲካ ጎመኑን ሲወስደው የተጨመረው ክኒን ብቻውን ደሟ ውስጥ ቀረ።

"እትዬ፣ ያደማሁዎት እኔ ነኝ" አላት።

"በል ሂድና ብላ፤ ፊትህ ጠቁሯል" አለችው።

የጎመን ጥናቱ የተጀመረው እንዲህ ነው። የድሮ በሽተኞቹን ቁጥር አወጣና ከጾሙ ቀን ጋር አስተያየው። በዐቢይ ጾም ይወርዳል፤ ከፋሲካ በኋላ ይወጣል፤ በፍልሰታም ትንሽ ይነቃነቃል። የጾሙን ሥርዓት ለመማር ኪርቆስ ቤተ ክርስቲያን ዘንድ የሚኖሩትን ቄስ ታዲዎስን አስተዋወቅሁት። እሳቸውም የጥያቄው ብዛት ቢገርማቸው፣

"አንተ ልጅ፣ ልትጠመቅ ነው?" አሉት።

"አይደለም አባቴ። ጎመን ልቆጥር ነው።"

ከዚያ ወዲህ ማንም በሽተኛ ክፍሉ ሲገባ የመጀመሪያው ጥያቄ ስለ ደረቱ ሳይሆን ስለ ወጡ ሆነ። ለሙስሊሞቹ ሌላ ጥያቄ ነበረው፤ በረመዳን ክኒኑን በስንት ሰዓት ትውጣላችሁ ይላቸዋል፤ ከኢፍጣር በኋላ ያደርግላቸዋል። የሥራ ባልደረቦቹ የጎመን ዶክተር አሉት። ጎመን አትብሉ አይልም ነበር። "ተጾመም ተገደፈም በየሳምንቱ ልክ ልኩን ብሉ፤ አትጨምሩ፣ አትቀንሱ" ነው ምክሩ። በእኛ ቤት የፋሲካ ገበታ ላይ ከዶሮው ጎን ጎመን ይቀመጥ ነበር። እንግዳ ይስቅብናል።

ጥናቱን የሚያዩለት አንድ ትልቅ ፕሮፌሰር ነበሩ። ግማሾቹ በሽተኞች ስለ ጎመኑ ይነገራቸው፣ ግማሾቹ ሳይነገራቸው ይቆዩ፣ ልዩነቱ ይታይ፤ ሳይንስ ማለት ይህ ነው አሉት። ፈራ።

"ላልነገርኩት ሰው ፋሲካ ሲደርስ ምን እሆናለሁ?" አላቸው።

"ሐኪም ነህ ወይስ ሞግዚት?"

"እኔንጃ።"

ለሁሉም ነገረ። በዚህ ምክንያት ጽሑፉ ደካማ ነው ተብሎ ከትልቁ መጽሔት ተመለሰ፤ ቆይቶ በአንድ ትንሽ መጽሔት አጭር ሆኖ ወጣ። አምጥቶ ሰጠን። እንግሊዝኛ ነው። ጀማነሽ በእጇ ዳበሰችው።

"ስሜ አለበት?"

"የለም" አልኳት።

"ጎመኑስ?"

"እሱ አለ፤ በስሙ ነው የተጻፈው።"

"ይበቃኛል፤ እሱ ካለ አለሁ።"

በየበዓሉ ይደውላል። እንኳን አደረሳችሁ ካለ በኋላ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ምን እንደተበላ ይጠይቃል። ፈትያ አንድ ቀን ስልኩን ቀድማ አንስታ፣ "እትዬ ጀማነሽ፣ ፋሲካ ሲመጣ የሚጨነቅ ሙስሊም ያገባሁት እኔ ብቻ ነኝ" ብላ አስቃናለች።

ከዚያ ካዛንቺስ ፈረሰ። ለእኛ ከከተማው ዳር ኮንዶሚኒየም ደረሰን፤ የሐጂ ሱቅም ከሰፈሩ ጋር ሄደ። በሽተኞቹ በየአቅጣጫው ተበተኑ፤ ስልካቸውን የቀየሩ አሉ፤ ታክሲው ሩቅ ሆኖባቸው የቀሩ አሉ። ኢብሮ የት እንደገባ አልታወቀም። በቀጠሯችን ቀን ዶክተሩ ኮሪደሩ ላይ ቆሞ ባዶውን አግዳሚ ወንበር ሲያይ አገኘነው። "የሚሞት ሰው ቢኖር እንኳን አይነገረኝም" አለ። ሲያወራ እጁ ኪሱ ውስጥ ስልኩን ይነካካ ነበር።

ያን ዓመት ዐቢይ ጾምና ረመዳን ገጠሙ። እሱም እየጾመ፣ እኛም እየጾምን፣ ጀማነሽ በየቀጠሮዋ ሁለት ታክሲ እየያዘች ቁጥሯን አልጣለችም። ሰፈሯን ማጣቷ ግን ከብዷት ነበር። አዲሱ ቤት ውሃው ከቧንቧ ይመጣል፤ መስኮቱም ሰፊ ነው፤ እሷ ግን ቀኑን ሙሉ መስኮቱ ላይ ቆማ የማታውቀውን ሰው ስታይ ትውላለች። ሰሙነ ሕማማት ሲገባ፣ "እኔ ስግደቴን በደብሬ ነው የምሰግደው" ብላ ኪርቆስ ቤተ ክርስቲያን ጀርባ ወደምትኖረው ታናሽ እኅቷ ወደ ጥሩዬ ሄደች። ጥሩዬ ነርስ ጎረቤት አላት፤ ሆስፒታሉም ለእሷ ቅርብ ነው። ደስ አለኝ። የጸሎተ ሐሙስ ዕለት ዶክተሩ እንደ ልማዱ ደወለላት፤ ጎመኑን ጠየቃት፤ በልኩ ነው አለችው። እውነቷን ነበር።

የፋሲካ ዕለት ረፋድ ላይ ጥሩዬ ቤት ደረስኩ። ጀማነሽ ከስታለች፤ ፊቷ ግን በርቷል። ዳቦውን ቁረስልን ልትለኝ ቢላዋውን አነሳች። "ገበ..." አለች። ስሜ ገበያው ነው። ሁለተኛ ሞከረች፤ "ገበ" ላይ ቀረ። ቢላዋው ወደቀ። ቀኝ እጇ ወደ ጎኗ ወርዶ ተንጠለጠለ፤ የሌላ ሰው እጅ ይመስል ቁልቁል አየችው።

ደወልንለት፤ ሆስፒታል ስንደርስ ዶክተሩም ከባምቢስ እኩል ደረሰ። ጎንበስ ብሎ ደረቷን አዳመጠ፤ ዓይኑን ጨፈነ። መስሚያውን አንድ ጊዜ ወደ ግራ፣ አንድ ጊዜ ወደ ታች አዛወረ። እኔ ለዓመታት ስሰማው የነበረውን ድምፅ ነበር የሚፈልገው። ፊቱን እያየሁ ነበርና መልሱን መጠየቅ አላስፈለገኝም። ድምፁ እንደ ድሮው አልነበረም፤ ጨርቅ የተጠቀለለበት ያህል ታፍኗል። ብረቱ ላይ ደም ረግቶ፣ ከረጋውም ተቆርሶ ወደ አንጎሏ ሄዷል።

የሚያውቀውን ሁሉ አደረገ። ከእሱ በላይ የሚያውቁትንም ጠራ። ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ዐረፈች።

ድንኳኑ ጥሩዬ ግቢ ተተከለ። ሰው ሁሉ የሚያጽናናኝ በአንድ ቃል ነበር፤ "በትንሣኤ የሞተ ሰው ገነት ክፍት ሆኖ ነው የሚጠብቀው፤ የተመረጠች ናት" ይሉኛል። እኔም አሜን እላለሁ። ጥሩዬ ግን በሠልስቱ ጓዳ ጠራችኝና የጀማነሽን ቦርሳ ሰጠችኝ። ክኒኖቹ ውስጡ ናቸው።

"ጋሼ፣ ዘንድሮ አክፍሎት ይዛ ነበር" አለችኝ። "ከሐሙስ ማታ እስከ ፋሲካ ሌሊት እህልም ውሃም አልቀመሰችም። ክኒኑንስ ብላት፣ 'እሱም በአፍ ነው የሚገባው' አለችኝ።"

ወደ ድንኳኑ ስመለስ ዶክተር ሙሐሲን እኔ ቦታ አጠገብ ተቀምጦ አገኘሁት። በየቀኑ ይመጣል። የሚቀርብለትን ይቀበላል፤ ከእኔ ጋር መሬት መሬቱን ያያል። አንዳንዴ አፉን ከፈት አድርጎ ይተወዋል። ሊጠይቀኝ የሚፈልገው ነገር እንዳለ አውቄያለሁ፤ ምን እንደሆነም አውቄያለሁ። በሰው ልቅሶ ላይ ደግሞ እንዲህ ያለ ነገር አይጠየቅም።

እኔም ፈራሁ። ብነግረው ጾሟን እንደመክሰስ መሰለኝ። ገነት ተከፍቶላታል በሚሉት ሰዎች መሐል ቁጭ ብዬ ጾሟ ገደላት ልል ነው። ባልነግረው ደግሞ የሚመጣው ዓመት ይመጣል፤ በሚመጣው ዓመትም ጸሎተ ሐሙስ አለ፤ የማላውቃት ሴት የማላውቀው ቤት ውስጥ ክኒኗን ቦርሳዋ ውስጥ ትተዋለች።

"ዶክተር፣ ሦስት ቀን አልዋጠችም" አልኩት። "አክፍሎት ነበረች።"

ባልቴቶቹ በዚያኛው በኩል ቀስ ብለው ያወራሉ።

"አክፍሎት ውሃም አይጠጣበትም?"

"አይጠጣም።"

"ለሙስሊሙ ሰዓቱን እጠይቃለሁ፤ ለክርስቲያኑ ጎመኑን" አለ። "ለክርስቲያኑም ሰዓት አለው ብዬ አላሰብኩም። ቄስ ታዲዎስን ያን ሁሉ ስጠይቅ... ይቺን አልጠየቅሁም።"

አይዞህ አላልኩትም፤ እሱ ራሱ ቃሉን የተወ ሰው ነው። ትከሻዬን ወደ ትከሻው አስጠጋሁ።

ዓመቱ ዞሮ ሰሙነ ሕማማት ሲገባ ደወለልኝ። ሰኞ ዕለት ሆስፒታል ሄድኩ። ኮሪደሩ እንደ ድሮው ባይሞላም ሰው ነበረበት፤ ከሩቅ ፈልጎ፣ በየወረዳው ጠይቆ ያሰባሰባቸው ናቸው። ቄስ ታዲዎስም መጥተው ነበር፤ ክኒን ጾም እንደማያስገድፍ ነገሯቸው። ሴቶቹ አንገታቸውን ደፍተው ሰሙ፤ እንዳላመኑ ግን ያስታውቃሉ። በረከቱ የሚጎድልባቸው መስሏቸዋል። ከዚያ ዶክተሩ ወደ እኔ ዞረ።

እኔ ንግግር አላውቅም። ጀማነሽ የምትባል ባለቤት እንደነበረችኝ፣ በዚህ ወንበር ትቀመጥ እንደነበር፣ ሐሙስና ዓርብ ቅዳሜም ክኒኗን እንዳልዋጠች፣ እሑድ ስሜን ልትጠራ ፈልጋ ግማሹ ላይ እንደቀረች ነገርኳቸው። ሌላ የምጨምረው አልነበረኝም።

በስተመጨረሻ ከዳር የተቀመጠች፣ እንደ ጀማነሽ ነጠላዋን እስከ ግንባሯ የተከናነበች ወፍራም ሴት እጇን አነሳች። ጥያቄው ለዶክተሩ ነበር፤ የምታየው ግን እኔን ነው።

"ያለ ውሃ አይዋጥም። ውሃ ደግሞ አልጠጣም" አለች። "በጠበል ብውጠውስ?"

ዶክተር ሙሐሲን ቄሱን አየ፤ ቄሱ እሱን አዩት።

"ይሆናል" አሉ ሁለቱም።